የአክስቴ ትከሻና የኔ ጂም

ጥፋቱ የኔ ነው። ይህን ቀድሜ ተናግሬ ብገላገል ይሻለኛል፤ አለዚያ መሃል ላይ ስትደርሱ ሌላ ሰው ታማላችሁ።

አምና ለያሆዴ ከአዲስ አበባ ወደ ሌሞ ወረድኩ። (ለማታውቁት፦ ያሆዴ የሀዲያ ዘመን መለወጫ ነው። ከመስቀል ጋር ተያይዞ ይመጣል። አታካና ሳይቀምስ የዋለ ሰው በዓሉን አከበረ አይባልም። አታካና ምን እንደሆነ ደግሞ የቀመሰ ይንገራችሁ፤ ቡላ፣ ቅቤና ወተት ነው ብል ለማንም ምንም አልነገርኩም።) ሆሳዕና ደርሼ፣ ባጃጅ ተሳፍሬ፣ ከዚያ ጭቃውን በእግሬ አቋርጬ የአክስቴ ግቢ ስገባ፣ እንደ ወትሮዋ ሁለት እጇን ዘርግታ አላቀፈችኝም። በግራ እጇ ብቻ ሳበችኝ። ቀኙ ከወገቧ ትንሽ ከፍ ብሎ እዚያው ቀረ።

«ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት።

«ምንም። ትከሻዬ ነው። እንሰት ፍቆ የማያውቅ ትከሻ ብቻ ነው የማያመው።»

ምንም የተባለው ነገር ስምንት ወር ሆኖታል። ሕመሙ ከጀርባዋ በቀኝ በኩል፣ ከአከርካሪዋና ከትከሻዋ ጠፍጣፋ አጥንት መሃል ይጀምርና ማጅራቷ ድረስ ይወጣል። ወጌሻ አሽቷታል። ክኒን ውጣለች። አንድ ክሊኒክ ሄዳ መርፌ ተወግታ አምስት ቀን ተሽሏት ነበር፤ በስድስተኛው ቀን ተመልሶ መጣ። ቅቤውንማ ተዉት፤ ለአታካና የሚበቃ ቅቤ ትከሻዋ ላይ ቀልጧል።

እኔ ታዲያ ምን ብዬ ዝም ልበል? እኔም እኮ «ትከሻ ያመመኝ» ሰው ነኝ! ቀኑን ሙሉ ላፕቶፕ ላይ አጎንብሼ ስውል እዚያው ቦታ ላይ ቋጠሮ ነገር ይሠራብኝ ነበር። ጂም ገብቼ አሠልጣኙ ብረት በሁለት እጄ አስይዞ ትከሻዬን ወደ ጆሮዬ እያስነሳ አሠራኝና ቀለለኝ። (የቀለለኝ በብረቱ ይሁን ከወንበሬ በመነሳቴ ያን ጊዜ አልጠየቅኩም።) ስለዚህ በበዓሉ ማግስት ሁለት ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ውኃ ሞልቼ ለአክስቴ አስያዝኳት። «ትከሻሽን ወደ ጆሮሽ ሳቢ፣ ልቀቂ። አሥራ አምስቴ። ሦስት ዙር። ቀጥሎ ደግሞ ጀሪካኑን በጎንሽ በኩል ወደ ላይ አንሺ።» የአጎቴ ልጆች ከበው ያያሉ። እኔ እንደ ዶክተር ወዲያ ወዲህ እላለሁ። ከዚያ ተሰናብቼ ወደ ሸገሬ።

በሦስተኛው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ደወለች። «እማዬ ሻሿን ራሷ ማሰር አቃታት» አለችኝ። አክስቴ የሰጠኋትን አንድም ቀን አላጓደለችም። ክኒኑን ስትረሳ የኔን ጀሪካን አልረሳችም፤ ከአዲስ አበባ የመጣ የእህቷ ልጅ ያዘዘው ነውና!

ቤት ቁጭ ብሎ መጸጸት ጥቅም ስለሌለው በኅዳር ተመልሼ ወረድኩና ሆሳዕና ከተማ ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ ወሰድኳት። ጎንደር የተማረ ወጣት ነው። (ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ማሠልጠን ከጀመረ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። እኛ ግን ዛሬም ፊዚዮቴራፒ ሲባል ለኳስ ተጫዋችና ስትሮክ ለመታው ሰው ብቻ ይመስለናል።) የጀሪካኑን ነገር ስነግረው አልሳቀም፤ አልተቆጣም። «እስቲ መጀመሪያ ሥራቸውን ልይ» አለ።

«የምን ሥራ?» አለች አክስቴ።

«እንሰት ሲፍቁ እንዴት እንደሚቀመጡ ያሳዩኝ፣ እናቴ።»

እዚህ ላይ ችግር መጣ። እንሰት መፋቅ የሴት ሥራ ነው። የሴት ሥራ ነው ስል እንደ ልብስ ማጠብ፣ ወንድ ቢሠራው የሚሳቅበት ዓይነት ማለቴ አይደለም፤ በኛ ሰፈር ሴቶች እየፋቁ ከሆነ ወንድ በአጠገባቸው ሲያልፍ መንገድ ይቀይራል። እዚያች ክፍል ውስጥ ደግሞ ሁለት ወንዶች ቆመናል። አክስቴ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን አየች። ከዚያ «እናንተ ልጆች…» ብላ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሳንቃውን አልጋው እግር ላይ እንዳስደገፈች አድርጋ፣ አንድ እግሯን ወደ ላይ ሰቅላ በተረከዟ የቅጠሉን ግንድ ሳንቃው ላይ እንደያዘች አድርጋ፣ በሌለ የቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች መግፋት ጀመረች። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስበላው የኖርኩት ቆጮ እንዴት እንደሚወጣ ያየሁት ክሊኒክ ውስጥ፣ ያለ እንሰት! በኢትዮጵያ 20 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ኑሮውን በእንሰት ላይ አድርጓል ይባላል። ከዚያ ሕዝብ ግማሹ ወንድ እንደኔ ነው የሚኖረው ማለት ነው።

ፊዚዮቴራፒስቱ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ጀርባዋን ነበር የሚያየው። ትከሻዋ ወደ ፊት ተጠቅልሏል። መፋቂያውን በገፋች ቁጥር ቀኝ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ይወጣል። «አየህ?» አለኝ። «አንተ በጀሪካን ያሠራሃቸውን በቀን ስንት መቶ ጊዜ ሲሠሩት እንደሚውሉ?»

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ትከሻችን ላይ ያለው ሦስት ማዕዘን ጠፍጣፋ አጥንት ከቀረው አጽማችን ጋር በአጥንት የሚገናኘው በአንገት ሥር ባለችው ቀጭን አጥንት በኩል ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ በጡንቻ ተይዞ የጎድን አጥንት ላይ እየተንሸራተተ ይኖራል፤ አሥራ ሰባት ጡንቻዎች ተያይዘውበታል። እጃችንን ወደ ላይ ስናነሳ ሥራው የክንዳችን ብቻ ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ1944 ኢንማን የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ ለክተው እንዳሳዩት ግን፣ ክንድ ወደ ላይ እስኪቆም ከሚሄደው 180 ዲግሪ ውስጥ ወደ 60 የሚጠጋው የዚህ ጠፍጣፋ አጥንት መዞር ነው። አጥንቱ ካልዞረ እጅ መንገድ ላይ ይቀራል፤ የአክስቴ እጅ ወገቧ ላይ እንደቀረው።

አጥንቱን የሚያዞሩት በዋናነት ሦስት ናቸው። ከማጅራት ወደ ትከሻ የሚወርደው የትራፔዚየስ ላይኛው ክፍል፤ ከጀርባ መሃል ወደ ላይ የሚሄደው የዚያው የትራፔዚየስ ታችኛው ክፍል፤ ሦስተኛው ከብብት ሥር በጎድን በኩል ዞሮ የሚሄደው ሴራተስ አንቴሪየር። ሦስቱ አብረው ሲጎትቱ አጥንቱ እንደ መሪ ይዞራል። በብዙ ታማሚ ላይ የሚታየው ግን ላይኛው ብቻውን እየሮጠ ሁለቱ ሲያንቀላፉ ነው። እንደ ደቦ አስቡት፤ አንዱ ይሠራል፣ ሁለቱ ጠላ ይጠጣሉ። የሚያመው ታዲያ የሚሠራው ነው። እኔ ደግሞ ምን አደረግሁ? ለሚሠራው ሌላ ሃያ ጥማድ ጨመርኩበት!

ትከሻን ወደ ጆሮ የሚያስነሳው እንቅስቃሴ በራሱ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ላይኛው ጡንቻው በእውነት የደከመበት ሰው አለ፤ ለሱ ይታዘዛል። የትኛው ጡንቻ እንደተኛ ሳይታወቅ የሚመረጥ እንቅስቃሴ ግን ከፋርማሲ መደርደሪያ ላይ ዓይን ጨፍኖ ክኒን ማንሳት ነው።

ልጁ ያደረገው ምርመራ ደግሞ እስካሁን ይገርመኛል። መሣሪያ የለም። አክስቴን አስቁሞ ቀኝ እጇን እንድታነሳ ጠየቃት፤ ደረቷ ጋ ስትደርስ ፊቷ ተጨማደደ። ከዚያ ከኋላዋ ቆመ። አንድ መዳፉን ትከሻዋ ላይ አሳርፎ በሌላው የጠፍጣፋውን አጥንት የታች ጫፍ ይዞ «አሁን ያንሱ፣ እናቴ» አላት። እጇ ሲነሳ እሱ አጥንቱን ወደ ላይና ወደ ጎን ገፋ አደረገው። እጇ ደረቷን አለፈ። ጆሮዋን አለፈ። አክስቴ ቀና ብላ የራሷን እጅ የሌላ ሰው እጅ እንደሆነ ሁሉ ስታየው ቆየች።

«ምን አደረግከኝ?» አለችው።

«ምንም። የተኙትን ጡንቻዎች ሥራ እኔ ሠራሁልዎ።»

ቀጥሎ ግድግዳ አስገፋት። ስትገፋ የአጥንቱ የውስጥ ጠርዝ ከጀርባዋ ትንሽ ብድግ አለ፤ ሴራተሱ ደክሟል ማለት ነው። ትንሽ መሆኑ እንዳስደሰተው ነገረን። አጥንቱ እንደ ክንፍ ብቅ ብሎ ቢወጣ፣ በተለይ ከባድ ነገር ከተሸከሙ ወይም ከወደቁ በኋላ ድንገት ቢመጣ፣ ወደ ጡንቻው የሚሄደው ነርቭ ተጎድቶ ሊሆን ይችላልና ነገሩ በልምምድ ብቻ አይታለፍም። እጇ ይደነዝዝ እንደሆነ፣ ስትተነፍስ ያማት እንደሆነ፣ ቅባት ስትበላ ይብስባት እንደሆነም ጠየቃት። (የሐሞት ከረጢት ሕመም በቀኝ ትከሻ ጀርባ ሊሰማ እንደሚችል ያወቅኩት ያኔ ነው። በግራ በኩል ከደረት ጋር ለሚመጣ ሕመም ደግሞ ልብ መታየት አለበት። ጀሪካን የምታስይዙ ወንድሞቼ፣ ይህን ልብ በሉ።)

አዲስ አበባ ተመልሼ ቁጭት ይሁን የማወቅ ጉጉት እንጃ፣ ነገሩን ማንበብ ጀመርኩ። ቤልጅየም ጌንት ውስጥ አን ኩልስ የምትባል ተመራማሪ አለች። እ.ኤ.አ. በ2007 ከባልደረቦቿ ጋር ባሳተመችው ጥናት 45 ጤነኛ ሰዎችን 12 ዓይነት እንቅስቃሴ አሠርተው የጡንቻዎቹን የኤሌክትሪክ ምልክት ለክተዋል። ጥያቄያቸው «የቱ እንቅስቃሴ ይበልጥ ያጠነክራል?» አልነበረም፤ «የቱ ነው ላይኛውን ትራፔዚየስ ሳይቀሰቅስ መካከለኛውንና ታችኛውን የሚያሠራው?» ነበር። ከ12ቱ አራት ብቻ ጥሩ ሆነው ወጡ። ሁለቱ በጎን ተኝቶ የሚሠሩ፣ ሁለቱ በሆድ ተኝቶ የሚሠሩ። አራቱም ተኝቶ! ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ተኝታችሁ ስትሠሩ ላይኛው ጡንቻ ክንዳችሁን ከመሬት ስበት ጋር ሲታገል የሚሸከመው ሸክም ይቀንሳል።

ይኸው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2014 ሌላ ጽሑፍ አወጣ። ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ የትከሻ ጠፍጣፋ አጥንት ችግርን ማከም፣ «ከቢሮ ሠራተኛ እስከ ታላቅ ስፖርተኛ» እንደማለት ነው። መንገዱ ጥሩ ነው፦ መጀመሪያ ችግሩ የጠነከረና ያጠረ ጡንቻ ነው ወይስ የደከመ? ያጠረ ከሆነ ማሳሳብ፤ የደከመ ከሆነ መጀመሪያ መቆጣጠር ማስተማር፣ ከዚያ ማጠንከር። ርእሱን ሳነብ ግን ሳቄ መጣ። በቢሮ ሠራተኛና በታላቅ ስፖርተኛ መሃል ባለው ሰፊ ሜዳ አክስቴ የት ናት? እንደ ስፖርተኛ ትደክማለች፤ እንደ ቢሮ ሠራተኛ ተቀምጣ ታጎነብሳለች፤ የማንኛቸውም ደመወዝ የላትም።

እርግጥ ሳይንሱም ሁሉን አልጨረሰም። ትከሻቸው ጠማማ ሆኖ ምንም የማያማቸው ሰዎች ሞልተዋል። ስለዚህ መስታወት ፊት ቆማችሁ የአንዱ ትከሻ ጠፍጣፋ ከሌላው ዝቅ ብሎ ስላያችሁት ብቻ አትደንግጡ።

ወደ አክስቴ እንመለስ። ልጁ የመረጠላት ሦስት ብቻ ነው። አንደኛ፣ በር መቃን ላይ ክንድን አስደግፎ ደረትን ወደ ፊት ማሳሳብ፤ ለዓመታት ስታጎነብስ የደረቷ ጡንቻ አጥሯልና። ሁለተኛ፣ በግራ ጎኗ ተኝታ፣ የተጠቀለለ ነጠላ በቀኝ ክርኗና በጎኗ መሃል አድርጋ፣ ክርኗን አጥፋ፣ ግማሽ ሊትር ውኃ የያዘች የፕላስቲክ ጠርሙስ ወደ ላይ ማዞር። ሦስተኛ፣ ግድግዳ ላይ ሁለት እጇን ዘርግታ ገፍታ፣ ክርኗ ሳይታጠፍ መጨረሻ ላይ «ትንሽ ጨምሮ» መግፋት። ይህች የመጨረሻዋ ትንሽ ጭማሪ ናት ሴራተሱን የምትቀሰቅሰው። ሕመሙ ከልምምዱ በኋላ ማግስቱም ካለ በዛ ማለት ነው፤ መቀነስ። ስድስት ሳምንት።

ለሦስተኛዋ ግድግዳው አልተመቸም። የአክስቴ ቤት ክብ ነው፤ ጭቃው ደግሞ ሲገፉት ይረግፋል። ስለዚህ የቤቱን ምሰሶ ገፋች። ምሰሶ መግፋት ደግሞ ለጎረቤት ምን እንደሚመስል አስቡት።

ከባዷ ግን ሁለተኛዋ ነበረች። «ተኝቼ?» አለችኝ አክስቴ። «በቀን? ሰው ቢመጣስ?»

እዚህ ላይ ነው የጌንት ላቦራቶሪ ያላሰበው ነገር የመጣው። በኛ አገር ገጠር በቀን የተኛች ሴት ወይ ታማለች ወይ ሰንፋለች። ታማለች ከተባለ ደግሞ በደቦው ላይ ስሟ ይቀየራል። እንሰት ብቻውን የሚፋቅ ነገር አይደለም፤ ዛሬ እሷ ለጎረቤቷ ትፍቃለች፣ ነገ ጎረቤቷ ለሷ። መፋቅ ያልቻለች ሴት ብድር መመለስ ያልቻለች ናት። አክስቴ ስምንት ወር ሙሉ «ምንም» ያለችው ሕመሙ ቀላል ሆኖ አይደለም። ሁለት ወንዶች ልጆቿ ደቡብ አፍሪካ ናቸው፤ እንደ ብዙው የሀዲያ ቤት። ብር ይመጣል። ብር ግን እንሰት አይፍቅም፤ ቢከፈልበት እንኳ የደቦው ቂም አይከፈልም።

ፊዚዮቴራፒስቱን ደውዬ ጠየቅኩት፤ ቆማ የምትሠራው የለም ወይ? አለ፣ አለኝ፤ ግን ቆመው ሲሠሩት ያ ላይኛው ጡንቻ ሊቀማቸው ይችላል፤ አሁን የሚሻለው ተኝተው ነው። «ይልቅ ጊዜውን ይለውጡት» አለኝ። መፍትሔውን ያገኘችው ልጇ ናት። ጎህ ሳይቀድ፣ ቡናው እስኪፈላ፣ አልጋዋ ላይ እንዳለች። ሰው የማያይበት ሰዓት። ቀኑን ሙሉ ከሚያሳፍር ምርጥ ልምምድ፣ በጨለማ የሚሠራ ምርጥ ልምምድ።

ሥራውም ትንሽ ተነካ። ሃያ ሊትር ጀሪካን ቀርቶ ሁለት ባለ አሥር ሆነ። ከመሬት ይልቅ ዝቅ ያለች ዱካ ላይ መቀመጥ፤ እጅ መቀያየር፤ ጥቂት ግንድ ፍቆ መነሳት። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የእንሰት መፋቂያ ማሽን ሠርቷል። እኛ ቀበሌ ግን አንድም አላየሁም። ሳንቃና ቀርከሃ ነው፤ ያው የጥንቱ።

በጥር ስሄድ ሁለት እጇን ዘረጋች። ቀኙ ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ ከጆሮዋ ላይ ትንሽ ይቀረዋል። ሻሿን ግን ራሷ ታስራለች። ስድስቱ ሳምንት አልፎ አሥረኛው ገብቷል። «ተሻለኝ» አትልም፤ «ይሄዳል» ነው የምትለው። ግማሽ ቀን ትፍቃለች፤ ግማሹን ልጇ።

በማግስቱ ሴቶቹ ጓሮ ሲሰበሰቡ እንደ ልማዴ መንገድ ልቀይር ስነሳ አክስቴ ጠራችኝ። ቡላው የተጨመቀበትን እቃ አንሳልን አለችኝ። ሴቶቹ ዝም አሉ። አንዷ ሳቀች። አነሳሁ፤ ከባድ ነው። አንዴ ከመጣህ ብለው ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም አስነሱኝ። ማታ ማጅራቴን ይዤ ስቀመጥ አክስቴ አየችኝ። ምንም ሳትል ገብታ ያቺን የጠርሙስ ውኃ ይዛ ወጣችና ወደ መደቡ ጠቆመችኝ።

«በጎንህ ተኛ» አለች። ነጠላዋን ጠቅልላ ክርኔ ሥር ሰካችው። «አሁን ቀስ ብለህ። ማቶ… ላሞ… ሳሶ… ትከሻህን ወደ ጆሮህ አታንሳ ብያለሁ!»